ሾርባው ምኑ ይደንቃል?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት አሮጊት አስታምማለሁ። ዓይናቸው ስለደከመ ማታ ማታ መጽሐፍ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ምርጫቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚያልፍ የፍቅር ልብ ወለድ።

መጀመሪያ ላይ ሳቄ እየመጣ ነበር የማነበው። ታሪኩ ያው ነው። ልጅቷ ትልቅ ከተማ ኖራ፣ ከሥራዋም ከእጮኛዋም ተለያይታ አያቷ ወደኖሩባት መንደር ትመለሳለች፣ ዳቦ ቤት ትከፍታለች፣ ጣሪያው ያፈስሳል፣ ጣሪያ ጠጋኙ ደግሞ ሁልጊዜ መልከ መልካምና አኩራፊ ነው። የቀረውን ገምቱት። መጨረሻው ማማሩ የግድ ነው። የአሜሪካ የሮማንስ ጸሐፊዎች ማኅበር ራሱ ዘውጉን ሲበይን ዋናው ታሪክ ፍቅሩ እንዲሆን፣ ፍጻሜውም ልብ የሚያሳርፍና ተስፋ ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። ቀጣዩ መጽሐፍ የወንድሟን፣ ከዚያ የጎረቤቷን ፍቅር ይዞ እዚያችው ከተማ ይመለሳል።

አሮጊቷ ግን "እስቲ ይቺን ድገሚልኝ" የሚሉኝ መሳሳሙ ላይ አይደለም። ልጅቷን ጉንፋን ጥሏት ሰፈርተኛው ሾርባ ይዞ በሯን ሲያንኳኳ ነው። ሦስት ጊዜ አስደግመውኛል።

እኔ ራሴ ፊት ለፊቴ የሚኖረውን ሰውዬ 9 ዓመት ሙሉ የማውቀው በውሻው ስም ነው። የራሱን ስም ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም የኔን። እ.ኤ.አ. በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከ10 አሜሪካዊ 8ቱ የሚኖረው ከተማ ተብሎ በተመደበ አካባቢ ነው። እና ይሄ ሁሉ አንባቢ ገንዘቡን የሚከፍለው ለጣሪያ ጠጋኙ አይመስለኝም። ለጎረቤቶቹ ነው።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ገባሁ። እህቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ነች። የአዲስ አበባ ዳር፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ማለት ነው። እጣው ሲወጣላት እልል ያልነው ቤቱን ብቻ አይተን ነው፤ ሊፍት እንደሌለውና ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ማን አሰበው! ጄሪካን ይዤ ስወጣ 3ኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ አርፋለሁ። የደረጃው ሰው ግን ተዋውቋል። ቡና ሲፈላ ከታች እስከ ላይ ይጠራራል። እኔም አንድ ቀን ቡናው ላይ ያንን መጽሐፍ መተረክ ጀመርኩ።

ጥያቄው ጉድ ነው። "ቤተሰብ የላትም እንዴ?" "ሽማግሌ ሳይልክ ነው ቤቷ የሚገባው?" "ለጣሪያው ስንት አስከፈላት?" ሾርባው ጋ ስደርስ ሆዳቸው ይባባል ብዬ ድምፄን ሁሉ ቀየርኩ። አንዷ ቆሎዋን እያሸች "ታዲያ የታመመ ሊጠይቁ ባዶ እጃቸውን ሊሄዱ ነው? ምኑ ይደንቃል?" አለች። አለቀ።

ጸጥ ያሉት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ልጅቷ 34 ዓመቷ ነው፣ ብቻዋን ትኖራለች፣ ማታ በሯን ቆልፋ ገንዳ ሙሉ አረፋ ውስጥ ተዘፍዝፋ ወይን ትጠጣለች።

"መቼ ነው የምታገቢው የሚላት የለም?"

"የለም።"

"ውሃውም አይቋረጥ?"

በሳቅ ፈረስን። በመጨረሻ ተጋቡ ስል አንዲት እናት አልተዋጠላቸውም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ሲያነብ እንባቸውን ያፈሰሱ ሰው ናቸው። "ፍቅርማ የሰብለና የበዛብህ ነው፤ ይሄ ሰርግ ነው" አሉኝ።

መጽሐፎቹ ውስጥም ሐሜት አለ፤ ሥራው ግን ሁለት ሰው ማጋባት ብቻ ነው። እህቴ አንድ ማታ መኪና ያደረሳት ሰውዬ የሥራ ባልደረባዋ መሆኑን ለሦስት ፎቅ ስታስረዳ ከረመች። ደግሞ ኦፕራሲዮን የሆነች ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጄሪካኗን ያወጡላት እነዚያው ጠያቂዎች ናቸው። ጸሐፊዎቹ ጄሪካኑን ወስደው ጥያቄውን ትተውታል። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምጽፈው።

የእህቴ ልጅ የኮሌጅ ተማሪ ናት። መጽሐፉን ተቀብላኝ በሁለት ቀን ጨረሰችው። ምኑ ጣመሽ ስላት "ሁሉም ያውቋታል፣ ግን አይጨቀጭቋትም" አለችኝ። የሚቀጥለውን ስልኳ ላይ አወረደችና መኝታ ቤት ገብታ ዘጋች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የታችኛዋ ጎረቤት አንኳኳች። "ልጅቷ ዛሬ ቡና ላይ አልታየችም፤ አሟት ነው እንዴ?" እጇ ላይ በሳህን የተከደነ አጥሚት ይዛለች።