መስጂድ ሊሠራ ሲል ለምን ፓርኪንግ ይቆጠራል?

ባለፈው አርብ ጓደኛዬን ለጁምዓ አደረስኩት። መኪናው ጋራዥ ገብታ ነበር። መስጂድ ስላችሁ ጉልላትና ሚናራ እንዳይታያችሁ። በግራው ልብስ ማጠቢያ፣ በቀኙ ፒዛ ቤት ያለበት ፕላዛ ውስጥ የሚገኝ የድሮ የቤት ዕቃ መሸጫ ነው። ዝናብ ስለነበር በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኩት። የጫማ መደርደሪያው ሞልቶ የተረፈው ወለሉ ላይ ተዘርግፏል፤ የግንበኛ ቦት፣ የነርስ ነጠላ ጫማ፣ የሕፃን ስኒከር። ዓይኔን የያዘው ግን ምንጣፉ ነው። ሰማያዊ ቴፕ ከዳር እስከ ዳር በሰያፍ ተለጥፎበታል። ግድግዳው ወዲህ፣ ሶፉ (የሰጋጆቹ ረድፍ) ወዲያ። ሱቁን የሠራው ሰው መካ በየት በኩል እንደሆነች አላሰበማ። ሰዎቹ ራሳቸው ቂብላውን፣ ማለትም ሲሰግዱ የሚዞሩበትን የመካ አቅጣጫ፣ አስልተው መስመሩን አሰመሩ። በሰያፉ ምክንያት ጥግ ላይ በተረፈችው ቦታ ልጆች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

እነዚህ ሰዎች አሁን መሬት ገዝተው መስጂድ ሊሠሩ ነው። ከተማው ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የነዋሪውን አስተያየት እየሰማ ነው። ተቃዋሚዎቹ በየስብሰባው የሚያነሱት ነገር አንድ ነው፤ ፓርኪንግ። መንገዱ ይጨናነቃል፣ መኪና ማቆሚያው አይበቃም፣ ሰፈሩ ፀጥታ ያጣል። ስለ እምነቱ አንድም ቃል የለም።

ይህን ነገር አሜሪካ በደንብ ታውቀዋለች። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ኒው ጀርሲ ውስጥ በርናርድስ የምትባል ታውንሺፕ አለች። እዚያ ያለ የሙስሊሞች ማኅበር በ2012 መስጂድ ለመሥራት አመለከተ። የማኅበሩ መሪ የዚያችው ከተማ የቀድሞ ከንቲባ ናቸው፣ እንግዳ ሰው አይደሉም። ቦታው የአምልኮ ቤት የሚፈቀድበት ነበር። የከተማው ደንብ ለቤተ ክርስቲያን ለሦስት ሰው አንድ የመኪና ቦታ ይላል። መስጂዱ የታሰበው ለ150 ሰው ስለሆነ 50 ቦታ ይበቃው ነበር። ማመልከቻውን የሚያየው የከተማው ቦርድ ግን 107 አምጡ አለ። ለምን? የሙስሊም ስግደት የተለየ ነው ተባለ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲመላለሱ፣ 39 ጊዜ ስብሰባ ሲቀመጡ፣ ዛሬ ውኃ ማፋሰሻውን ነገ አጥሩን ሲያስተካክሉ ቆይተው በ2015 መጨረሻ ተከለከሉ። ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2016 የመጨረሻ ቀን ዳኛው ለቤተ ክርስቲያንና ለምኩራብ አንድ መለኪያ፣ ለመስጂድ ሌላ መለኪያ ማድረግ አድልዎ ነው ሲሉ ወሰኑ። በ2017 ከተማዋ 3.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ታረቀች፤ መስጂዱም ተፈቀደ።

የፓርኪንግ ችግር የለም አልልም። አርብ ሰባት ሰዓት ላይ እዚያ ፕላዛ መኪና ለማቆም ሦስቴ ዞሬያለሁ። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ወጣቶች ዝናብ ላይ ቆመው መኪና ሲያስተናግዱ አይቻለሁ። ችግሩ ካለ መፍትሔው ይኸው ነው፤ ሰው መመደብ፣ ሶላቱን በሁለት ፈረቃ ማድረግ፣ ከጎረቤት ጋር መነጋገር። ግን እሑድ ጠዋት ትልልቅ ቤተ ክርስቲያኖች ፊት ለፊት ፖሊስ ትራፊክ አቁሞ ሲያሳልፍ ማንም ለስብሰባ አይጠራም። መለኪያው አንድ ይሁን ነው የምለው።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሰበቡም ይቀራል። ቴነሲ ውስጥ መርፍሪዝቦሮ ላይ መስጂድ የሚሠሩ ሙስሊሞች በ2010 የግንባታ መሣሪያቸው ተቃጠለባቸው። ተቃዋሚዎቹ ፍርድ ቤት ቆመው እስልምና ሃይማኖት አይደለም ብለው እስከ መከራከር ደረሱ። ሰዎቹ ተስፋ አልቆረጡም፤ በ2012 ገብተው ሰገዱበት።

በ2000 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ከተሞች በመሬት አጠቃቀም ስም የአምልኮ ቤቶችን እንዳያንገላቱ ይከለክላል። በዚያው ዓመት በአገሪቱ 1,209 መስጂዶች ነበሩ፤ በ2020 የመስጂዶች ቆጠራ 2,769 ደርሰዋል። ዋሽንግተን ማሳቹሴትስ አቬኑ ላይ ያለው እስላማዊ ማዕከል በ1957 ሲመረቅ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ተገኝተው፣ አሜሪካ ይህን የማምለክ መብታችሁን በሙሉ ኃይሏ ትጠብቃለች ብለው ተናግረዋል። በመንገዱ ስታልፉ ልብ በሉ፤ ሕንፃው ከመንገዱ ጋር ትይዩ አይደለም። ወደ መካ ዞሮ ነው የተሠራው። ጓደኛዬ የሚሰግድበት ሱቅ በቴፕ ያደረገውን ያኛው በድንጋይ አድርጎታል።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እዚህ አገር ስመጣ የምንቀድሰው የሌላ ቤተ እምነት አዳራሽ ተከራይተን ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ወንበራቸውን እንደነበረ መልሰን፣ ዕጣኑ እንዳይሸታቸው መስኮት ከፍተን ነው የምንወጣው። የራሳችንን ስንገዛ የጎረቤት ቅሬታ መጀመሪያ የመጣው በፓርኪንግ ነው። ስለዚህ ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው ብዬ ዝም ልል አልችልም። ደግሞ ያደግኩት ደሴ ነው። ወሎ ውስጥ መስጂድ ሲሠራ ክርስቲያኑ ድንጋይ ያቀብላል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሙስሊሙ ያዋጣል። ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያገራችን ሙስሊሞች የመሠረቱት መስጂድ ስሙ የመጀመሪያው ሂጅራ ነው። የነቢዩ ባልደረቦች ተሰደው በነጃሺ አገር የተጠለሉበትን ማስታወሻ ነው። እኛ ስደተኛ የተቀበለ ሕዝብ ነን ስንል ደስ የሚለን ሰዎች፣ ቅርባችን ላለው ወንድማችን አንድ ምሽት መቀመጥ አያቅተንም።

ስብሰባው ላይ መናገር የፈለገ ሰው ስሙን አስመዝግቦ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ባለፈው ጊዜ ተቃዋሚው ብቻ ተሰልፎ ነበር፤ ጓደኛዬና ባለቤቱ የኋላ ወንበር ላይ ሆነው ሰሙ። «ማንም ከእኛ ሌላ የተናገረልን የለም» አለኝ መኪና ውስጥ፣ መስኮቱን እያየ።

ቀጣዩ ማክሰኞ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ነው። ተመዝግቤያለሁ። ከደብራችን አራት ሰዎችም አብረውኝ ይመጣሉ።