«ነፃ ነው» የሚሉት ስኮላርሺፕ ስንት ዓመት ያስከፍላል?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ደብረ ብርሃን ነው፤ ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። ሁላችንም ጋቢ ተከናንበን ከሰሉን ከበን ተቀምጠናል። አቦሉ እንደተቀዳ እህቴ ከቨርጂኒያ በቴሌግራም ደወለች። በዲቪ ከሄደች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ያኔ እጁን ይዛ የወሰደችው የአራት ዓመት ልጅ ዘንድሮ ሃይስኩል ጨርሶ ኮሌጅ ሊገባ ነው።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ልጁ የወታደር ስኮላርሺፕ አገኘሁ ብሎ በደስታ ሊሞት ነው። የኮሌጁን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ አሉ። ምን ትላለህ?»

ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።

እናቴ ሲኒዋን አስቀምጣ አማተበች። «ወታደር? ያውም ለሰው አገር? እዚህ ያየነው አይበቃም?» እውነቷን ነው። ጠመንጃ ምን እንደሚያደርግ ለሰሜን ሸዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አጣዬ ስትቃጠል አይተናል፤ ደብረ ብርሃንም ተፈናቃይ በመጠለያ ስታኖር ዓመታት አስቆጥራለች። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ሲፈልግ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። እሱ ወዲያው «ነፃ ትምህርት፣ በዚያ ላይ የኪስ ገንዘብ? ለኔ ቢሉኝ ዛሬውኑ ነው የምበረው!» አለ።

ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ የድሮ ጦር ሰው ናቸው። ቶናው እስኪቀዳ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው እህቴን ሦስት ነገር ጠየቋት። በተራ ወታደርነት ነው ወይስ በመኮንንነት? ስንት ዓመት ነው የሚፈርመው? ሐሳቡን ቢለውጥስ በየት በኩል ይወጣል?

እህቴ አንዱንም አልመለሰችም። እኛም አናውቅም። አስተያየት ግን ሁላችንም ነበረን።

ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ነገር ሳነብ ከረምኩ። እህቴም ልጁ የተሰጠውን ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ፕሮግራሙን በአጭሩ «ሮትሲ» ይሉታል፤ የተጠባባቂ መኮንኖች ማሠልጠኛ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ስለሆነ አዲስ ነገር አይደለም። ልጁ እንደ ማንኛውም ተማሪ ኮሌጅ ይገባል፣ ዶርም ያድራል፣ የወደደውን ያጠናል፤ ነርሲንግም ይሁን ኢንጂነሪንግ ወይም ታሪክ። ጎን ለጎን የወታደራዊ ሳይንስ ትምህርት ይወስዳል። በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ማለዳ ተነስቶ ስፖርት ይሠራል፣ አልፎ አልፎ ቅዳሜና እሑድ ለልምምድ ሜዳ ይወጣል። ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ኬንታኪ ውስጥ ፎርት ኖክስ በሚባል ጦር ሰፈር ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ ሥልጠና ላይ ይፈተናል። ዲግሪውን ሲቀበል ምክትል መቶ አለቃ ይሆናል።

እኛ በምናውቀው መንገድ መኮንን መሆን ማለት ጠቅልሎ አካዳሚ መግባት ነበር። የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. በህንድ መምህራን ሲከፈት የገባው ልጅ ከገባ በኋላ ዓለሙ ሁሉ ጦር ነው። የአሜሪካው ተማሪ ግን ማክሰኞ ዩኒፎርም ለብሶ ረቡዕ በጂንስ ይመጣል። ነገሩን ቀላል የሚያስመስለውም ይሄ ይመስለኛል። ጦር ቤት የገባ አይመስልም፣ ክለብ የገባ ነው የሚመስለው።

ገንዘቡን በተመለከተ ወንድሜ አልተሳሳተም። የምድር ጦሩ ስኮላርሺፕ ሙሉ የትምህርት ክፍያውን ይችላል፤ ተማሪው ከፈለገ በሱ ምትክ የመኝታና የምግብ ወጪውን ያስችላል። ለመጽሐፍ በዓመት 1,200 ዶላር አለ። በትምህርት ወራት ደግሞ በየወሩ 420 ዶላር ለኪስ ይሰጣል። (ባሕር ኃይሉና አየር ኃይሉ የየራሳቸው አሠራር አላቸው፤ እነሱን ልተዋቸው።) ወንድሜ 420ውን ዶላር ወዲያው በስልኩ ወደ ብር መንዝሮ አሳየኝና አጠገቤ በረጅሙ ተነፈሰ።

አሁን ወደ ሃምሳ አለቃ ሁለተኛ ጥያቄ ልምጣ። መልሱ ስምንት ዓመት ነው። በተለምዶ ስኮላርሺፕ የወሰደ ሰው አራቱን ዓመት ሙሉ ጊዜውን ሠራዊቱ ውስጥ ያገለግላል፤ በቀረው ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል፣ ከተጠራም ይሄዳል። በሲቪል ሥራው ላይ ሆኖ ስምንቱንም ዓመት በተጠባባቂ ጦር ወይም በናሽናል ጋርድ የሚጨርስበት መንገድም አለ። የት ክፍል እንደሚመደብ ምርጫውን ያስገባል፣ ውጤቱም ይታያል፤ በመጨረሻ ግን የሚወስነው ሠራዊቱ ነው። ኢንጂነሪንግ አጠናሁ ብሎ ድልድይ እሠራለሁ የሚል ልጅ እግረኛ ጦር ሊደርሰው ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው ሃምሳ አለቃን በልቤ ያመሰገንኩት። የአራት ዓመት ስኮላርሺፕ የተሰጠው ልጅ አንደኛ ዓመቱን ተምሮ «ይቅርብኝ» ቢል ማንም አይጠይቀውም፤ ገንዘቡንም አይመልስም። ሁለተኛ ዓመት ከጀመረ ግን በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ትቶ ከወጣ ወይ የተከፈለለትን ይመልሳል፣ ወይ በተራ ወታደርነት ሄዶ ያገለግላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚመርጠው ደግሞ እሱ አይደለም፣ ጦሩ ነው። ስኮላርሺፕ ሳይወስድም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ኮርሶች ያለ ምንም ግዴታ መውሰድ ይቻላል። የሚፈረመው ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ «ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል ነው። በኛ ጆሮ ስኮላርሺፕ ማለት ጎበዝ ተማሪ የሚያገኘው ሽልማት ነው። ሰፈር ውስጥ «የእከሌ ልጅ ስኮላርሺፕ አገኘ» ሲባል ዳቦ ይቆረሳል። ይሄ ግን ስምንት ዓመት የሚያሥር የሥራ ውል ነው፤ ደሞዙ በትምህርት ክፍያ መልክ አስቀድሞ የተከፈለ። መጥፎ ውል ነው አላልኩም። እንዲያውም ብዙ ሥራ ከዚህ የባሰ ነው። ግን ውል ይነበባል። ዳቦ የሚቆረስለት ነገር ማን ቁጭ ብሎ ያነባል?

ይህን የምለው ከራሴ ተምሬ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የወጪ መጋራት ገና መጀመሩ ነበር። ምዝገባ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር፣ ፀሐይ ነበር፣ ከኋላዬ የሚገፋኝ ነበር። ቅጹን ሰጡኝ፣ ፈረምኩ። ያኔ የጓጓሁት ለመኝታ ቁጥሬ ነበር። ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ጥሩ ሥራ አገኘሁና ኦርጂናል ዲግሪህን አምጣ ተባልኩ። ሬጅስትራር ሄድኩ፤ መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል አሉኝ። ገንዘቡን ለቃቅሜ እስክመለስ ሥራው ሌላ ሰው ይዞታል። ፊርማው የኔ ስለነበር የምከራከረው ነገር አልነበረኝም። ትልቅ ገንዘብ አልነበረም፣ ስምንት ዓመትም አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ያቺ ፊርማ እስካሁን ትቆጨኛለች።

ውሉ ላይ የማይጻፍ ነገር ደግሞ አለ። ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱ ሰዎች የጣርማ በርን ዋሻ ታውቁታላችሁ፤ መኪናው ጨለማው ውስጥ ሲገባ ሾፌሩ ሁሌም መብራት ያበራል፣ አሮጊቶች ያማትባሉ። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ሥራ ጀመረ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚገሰግሰውን የጣሊያን ጦር እንዲያቆሙ የተላኩት እነዚያው ሠልጣኞች ነበሩ፤ የተላኩትም ጣርማ በር ነው። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ገና ዓመት ከጥቂት ወር። ታንክና መድፍ ይዞ የመጣውን ጦር አላቆሙትም፣ ሊያቆሙትም አይችሉም ነበር። ዋሻውንም ኋላ የቆፈረው ያው ጣሊያን ነው። ያን ቦታ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው እነዚያን ልጆች ነው። ሆለታ ሲገቡ ካርታ ማንበብና ፈረስ መጋለብ ሊማሩ ነበር የሄዱት።

እዚያም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሰላም ጊዜ የፈረመ የአሜሪካ ተማሪ ሲመረቅ አፍጋኒስታንና ኢራቅ ጠበቁት። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ የሚፈርመው ዛሬ ለሚያያት ዓለም ነው። የሚያገለግለው ግን አራት ዓመት ቆይታ በምትመጣው ዓለም ውስጥ ነው። ይህን የእናቴ ማማተብ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶታል።

ወንድሜ ይህን ስነግረው «ኮሊን ፓወልስ?» አለኝ። ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን እሱ በፈለገው በኩል አይደለም። ፓወል ከጃማይካ የመጡ ስደተኞች ልጅ ነው። ኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ጂኦሎጂ ሲያጠና ያን ያህል ጎበዝ ተማሪ አልነበረም። ልቡን የሰጠው ሮትሲ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ምክትል መቶ አለቃ ሆነ፤ ኋላ የአሜሪካ ጦር ኃይሎች ኢታማዦር ሹሞችን ጉባኤ የሚመራ የመጀመሪያው ጥቁር፣ ከዚያም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። ነገር ግን ኮሌጁ በዚያ ዘመን ክፍያ አያስከፍልም ነበር፤ የምድር ጦሩ ስኮላርሺፕም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ፓወል የገባው የሚከፍልለት አጥቶ አይደለም፤ ነገሩን ስለወደደው ነው። ቬትናምም ሁለቴ ዘምቷል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ፤ ወሬው ሰፈር ውስጥ ከተሰማ ወዲህ ሦስት ሰው ጠይቆኛል። ለስኮላርሺፑ የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በተራ ወታደርነት መቀጠር ይችላል፣ ይህን ስኮላርሺፕ ግን አያገኝም። የእህቴ ልጅ ያገኘው እናቱ ዜግነት ስትወስድ እሱም ገና ልጅ ስለነበር አብሮ ዜጋ ስለሆነ ነው። ከደብረ ብርሃን ወይም ከሸዋ ሮቢት ሆኖ የሚሞላ ፎርም የለም። አለ ብሎ ብር የሚቀበላችሁ ደላላ ካለ ሌባ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ማክሰኞ ማታ እህቴ ብቻዋን ደውላ የነገረችኝ ነው። ማታ ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፣ ቀን ደግሞ ሌላ ቦታ። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ይሄን ከወሰደ የማታውን ሥራ እተወዋለሁ» አለችኝ። ልጁም ይሄን ያውቃል። ለዓመታት እናቱ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ እሱ ለትምህርት ሲወጣ በር ላይ እየተላለፉ ያደገ ልጅ ነው። የዚህ ዓይነት ልጅ ፊርማ የሚያኖረው ለጦሩ ነው ወይስ ለእናቱ እንቅልፍ? ልቅም ያለ ልጅነት ነው፣ ባይሆንለት እንኳ አልነቅፈውም። ግን በእናቱ ድካም ምክንያት ሰላሳና አርባ ወታደር የሚመራ መኮንን ሆኖ፣ ልቡ ሌላ ቦታ ከሆነ፣ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ያሉትም ልጆች እናት አላቸው።

ስለዚህ እህቴ የጠየቀችኝን እዚህ ልመልስ። ይግባ። አንደኛ ዓመቱን ይቅመሰው፤ በሩ ክፍት ነው፣ ማንም አይከሰውም። ማለዳ መነሳቱን፣ መታዘዙን፣ ደግሞም ማዘዙን ይየው። ሁለተኛው ዓመት ሳይገባ ግን ቤተሰቡ በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ አፋችንን እንያዝና ልጁ ብቻውን ይወስን። ገንዘቡን ብቻ ብሎ ከሆነ ይተወው። የኮሌጅ ብድር ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ብድር ግን ቢያንስ ሌሊት ቀስቅሶ ሌላ አገር አይልክም።

ትናንት ልጁን ራሱን አገኘሁት። አማርኛው ይሰባበራል፣ እንግሊዝኛዬ ከሱ አማርኛ የባሰ ስለሆነ ተቻችለን አወራን። የሃምሳ አለቃን ሦስት ጥያቄዎች ጠየቅኩት። ሁለቱን ወረቀቱን ሳያይ መለሰልኝ፤ ገረመኝ። ሦስተኛው ላይ፣ የመውጫው ላይ፣ ቆም አለ። «አንደኛ ዓመት ነፃ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ አጎቴ» አለኝ። ገንዘቡ ባይኖርስ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተህ ትሮጣለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ «ልየውና እነግርሃለሁ» አለ።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ስለ ስምንቱ ዓመት፣ ስለ ውሉ፣ ስለ በሩ ሁሉንም በዝርዝር አስረዳኋት። ስትሰማ ቆየችና «በዚያ ሌሊት ያስሮጡታል?» አለች። «በል ጋቢ የሚወስድለት ሰው ፈልግ።»