ለስላሳ ጫማ ለጠፍጣፋ እግር ድጋፍ አይሆንም

ጠፍጣፋ እግር ያለው ሰው ሕመሙን ሲናገር የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ለስላሳ ጫማ ግዛ» ይባላል። እኔም ይህን ምክር ለዓመታት ተቀብዬ፣ አመሻሽ ላይ ውስጥ እግሬ እየነደደና የቁርጭምጭሚቴ የውስጥ ጎን እየጠዘጠዘኝ ከኖርኩ በኋላ ነው ምክሩ ራሱ ሲጎዳኝ እንደነበር የተረዳሁት።

ወደ ውስጥ የሚያዘነብል እግር የሚይዘውና የሚያቆመው ነገር ይፈልጋል፤ እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ ሶል ግን አብሮት ይሰምጣል። ሻጮች ሶሉን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ልስላሴውን ሲያሳዩኝ ደስ ብሎኝ የከፈልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። የተረከዙን መያዣ ጨብጠህ ጠንካራ መሆኑን አረጋግጥ፣ ጫማውን ከፊትና ከኋላ ይዘህ ስታጥፈው ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ መሃሉ ላይ እንዳይታጠፍ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅም እንዳይጠመዘዝ ተመልከት ብሎ የነገረኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ጫማ ውስጥ የሚገባው ደጋፊ ንጣፍም ቢሆን የሚረዳው እግር ላይ እስካለ ድረስ ነው፤ ቅስቱን፣ ማለትም በውስጥ እግር መሃል ከመሬት ከፍ የሚለውን ክፍል፣ መልሶ እንደሚሠራ አድርገው የሚሸጡት ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ «አፈጣጠርህ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» የሚለው ንግግር ነው። አጥንቶቹ ተጣብቀው የደረቀ ጠፍጣፋ እግር በእርግጥ በእንቅስቃሴ አይለወጥም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ጠፍጣፋ እግር ተጣጣፊ ነው፤ ስንረግጥ የሚጠፋው ቅስት በጣቶቻችን ጫፍ ስንቆም ተመልሶ ይታያል። አንድ እግር 26 አጥንቶች አሉት፣ እነዚህንም ደግፈው የሚይዙት ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው፤ ጡንቻ ደግሞ ሲሠራ ይጠነክራል። ይህ ንግግር ሌላም አደጋ አለው፦ በጉልምስና ዕድሜ የአንድ እግር ቅስት ብቻ ሲደረመስና በዚያ እግር ብቻ ቆሞ ተረከዝን ማንሳት ሲያቅት፣ ቁርጭምጭሚቱን ከውስጥ በኩል የሚደግፈው ጅማት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

የእግርን ጡንቻ የሚያጠነክረው እንቅስቃሴ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጣቶችን ሳያጥፉ የአውራ ጣትን ሥር ወደ ተረከዝ በመሳብ ቅስቱን ከፍ ማድረግ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጣቶቼ መኮማተር በቀር ምንም አላየሁም። ተረከዝን በዝግታ ማንሳትና በዝግታ ማውረድ፣ እንዲሁም ባትን ማሳሳብ ከዚህ ጋር ይሄዳሉ፤ ምክንያቱም ያጠረ ባት ቁርጭምጭሚት በሚገባ እንዳይታጠፍ ሲከለክል እግር የጎደለውን ለማካካስ መሃሉን ይደረምሳል። ይህንን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ መሆኑ አሁንም ይቆጨኛል።

ወራት አልፈው ሕመሜ ሲቀንስ ደግሞ ሰዎች ወለሉ ላይ የቀረውን እርጥብ የእግሬን አሻራ አይተው «ያው ነው እኮ፣ ምንም አልተለወጠም» ይሉኛል። አሻራው እንደ ድሮው ሙሉ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያለ ሕመም የሚኖር ተጣጣፊ ጠፍጣፋ እግር አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና እንኳ አያስፈልገውም። እኔ የታገልኩት አመሻሽ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴን ይዤ እንዳልቀመጥ ነበር፤ አሁን አልቀመጥም።