ዕድሜ ለኮት ዘበኞች!

ስኮትላንድ ውስጥ ኪልት፣ ያንን የወንዶች ባህላዊ ጉርድ፣ ለብሶ ሰርግ የሚሄድ ወንድ አንድ ነገር ይወቅ። ሙሽሮቹን የሚያይ መቼም ሞልቷል። የእሱን ኮት የሚያይ ግን ለብቻው ዘበኛ ተመድቦለታል። የሾማቸው የለም፣ ደመወዝም የላቸው። ለወግ ሲሉ ብቻ ነው እንዲህ የሚደክሙት። እግዜር ይስጣቸው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ልጁ በበሩ ሲገባ ዘበኛችን ከታች ይጀምራሉ። ካልሲው ደህና። ኪልቱ የአባቱ ነው፤ ከ7 ሜትር በላይ ሱፍ የፈጀ፣ ኋላው ሽንሽን። ከፊት የሚንጠለጠለው የቆዳ ቦርሳ፣ ስፖራኑ፣ ቦታውን ይዟል። እስካሁን ሰላም ነው። ከዚያ ዓይናቸው ኮቱ ላይ ሲደርስ ፊታቸው ይዳምናል። ቡናማ ትዊድ፣ ያ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ! ያውም ሰልባጅ! የብር ቁልፍ የለው፣ እጅጌው ላይ ጌጥ የለው።

«ለየት ያለ ነው» ይላሉ፣ ፈገግ ብለው። ይህቺ ፈገግታ እንዴት እንደምትቆርጥ የቀመሳት ያውቃል።

ልጁ እኮ አስቦበታል። ኪልት የሚታሰረው ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ ነው። ተራ ኮት ደግሞ እስከ መቀመጫ ይወርድና ስፖራኑን ይውጠዋል። ስለዚህ ከበጎ አድራጎት ሱቅ ትዊድ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰደው። ከታች አሳጠረችለት፤ የፊቱን ሁለት ጠርዝ ቆርጣ አዞረችለት። ኪሱ ከፍ ያለ ኮት የመረጠውም አውቆ ነው። ኪሱ ዝቅ ካለ፣ ኮቱ ሲያጥር ኪስና ጠርዝ አንድ ላይ ይገናኛሉ። ውጤቱ ያምራል፤ ኪሱንም አልጎዳውም። ወንጀሉ ይኸው ነው።

እኛስ ዘንድ የሰው ጥለት የሚመረምር መች ጠፋ። እነዚህ ግን ሙያ አድርገውታል።

እንደ ዘበኞቻችን ከሆነ ለማታ ግብዣ የሚፈቀደው «ፕሪንስ ቻርሊ» የሚባለው ጥቁር አጭር ኮት ነው። ከብር ቁልፍ፣ ከሰደርያና ከፓፒዮን ጋር። የጥንት ነው፣ የአባቶች ነው ይላሉ። ስሙ የተወሰደው የለንደንን ዙፋን ለአባቱ ለማስመለስ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1746 ከለደን በተባለ የስኮትላንድ ጦር ሜዳ ድል ከተነሣው ከልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት ነው። ልዑሉ በ1788 ሞተ። ኮቱ ብቅ ያለው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጥንታዊነት ማለት እንዲህ ነው እንግዲህ! ባለ ስሙ ራሱ ቢመጣ ዘበኛችን «ለየት ያለ ነው» የማይሉት ብቸኛ ልብስ፣ እሱ በዓይኑ ያላየው ሆነ።

ስለ ወግ ሲነሣ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛን መዝለል ደግሞ ነውር ነው። ከከለደን በኋላ የለንደን መንግሥት የስኮትላንድን ደጋ ሰዎች ልብስ በሕግ ከለከለ። ለብሶ የተገኘ ወንድ ይታሰር ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ሕጉ በተሻረ ልክ በ40 ዓመቱ የለንደኑ ንጉሥ ራሱ ኪልት ለብሶ ኤድንበራ ከች አለ። ድግሱን ያቀናበረው ደራሲው ዋልተር ስኮት ነበር። ንጉሡ ወፍራም ናቸው፣ ኪልቱ አጭር ነው፣ ከሥሩ ደግሞ የሥጋ ቀለም ያለው ሮዝ ታይት ገጥመዋል። ሙሉ ልብሱ ከ1,300 ፓውንድ በላይ ወጣበት፤ በዚያ ዘመን ገንዘብ! ታይቱን እንኳ እንርሳው። ርካሽ አለመሆኑ ነው ዋናው። ሰልባጅ ለብሰው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ነበር ወጉ የሚፈርሰው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉት ኪልት ለባሽ ወታደሮችም ዕድለኞች ናቸው። ስፖራኑ እንዲታይ ተብሎ የካኪ ኮታቸው የፊት ጠርዝ ተቆርጦ ዞሮ ነበር። ልጁ ልብስ ሰፊዋን ያዘዛት ይህንኑ ነው። ደግነቱ ዘበኞቻችን ምሽግ ውስጥ አልነበሩም።

ዘበኞቻችን ጀግኖች ብቻ ሳይሆኑ ብልሆችም ናቸው። በሰኔ 2024 ለአውሮፓ ዋንጫ የስኮትላንድ ደጋፊዎች ሙኒክን ሲያጥለቀልቁ ኪልታቸውን የለበሱት ከኳስ ማልያ ጋር ነበር። ኮት የሚባል ነገር የለም። ያን ዕለት «ለየት ያለ ነው» ያለ ዘበኛ ነበረ ሲባል አልሰማሁም። ብቻውን በር ላይ የቆመ ልጅ እያለ ከሺ ሰው ጋር ምን ያጣላቸዋል?

ትልቁን ሙገሳ ግን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ብዙዎቹ ያንን የአባቶች ኮት የሚያመጡት ከኪራይ ቤት ነው። ለቅዳሜ ይወስዱታል፣ ሰኞ ጠዋት ይመልሱታል። ቅርስ ማለት መያዣ ተከፍሎበት፣ በደረሰኝ ሲወጣና ሲገባ ነው። የራሱን ኮት ቁምሳጥን ውስጥ የሰቀለ ሰው ይህ ክብር ከየት ይገባዋል።

ማታ ጭፈራው ሲጀመር ደግሞ እዩአቸው። እየተያያዙ መሽከርከር ነው፤ አዳራሹ ይፈላል። ሙሽራው ኮቱን ያወልቃል፣ ሁሉም ይከተላል። ፕሪንስ ቻርሊውም ሰልባጁም አንድ ወንበር ላይ ተቆልሎ ይከመራል። ዘበኛችን ላብ በላብ ሆነው ከክምሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ፓፒዮናቸው አልላላም፣ የራሳቸውን ኮት ከላያቸው ንቅንቅ አላደረጉም። ኮቱ ቢጠፋ መያዣው አይመለስማ!