«ኤሜት» የኮርንዎል ቋንቋ ቃል አይደለም

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለችው የኮርንዎል ሰዎች የበጋ ጎብኚዎችን «ኤሜት» የሚሏቸው በጥንቱ የኬልት ቋንቋቸው (ከእንግሊዝኛ በተለየው የኮርንዎል ቋንቋ) «ጉንዳን» ማለት ስለሆነ ነው ብለው ለጻፉት እርማት አለኝ። ትርጉሙ ልክ ነው፤ የዘር ሐረጉ ግን ተምታቷል።

ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም የጥንቱ። የጥንታዊ እንግሊዝኛው «አሜተ» በዘመናት ብዛት ለሁለት ተከፈለ። አንዱ እየተሸራረፈ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው «አንት» ሆነ፤ ሌላው «ኤሜት» ሆኖ በየገጠሩ ዘዬ ቆየ። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ ሁለቱም አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ ኬንት ናት፦ ከኮርንዎል በተቃራኒው በምሥራቅ ዳርቻ ያለችው ኬንትም ጉንዳንን «ኤሜት» ትል ነበር። ቃሉ ከኮርንዎል ቢፈልቅ ኖሮ እዚያ ምን ያደርጋል?

በኮርንዎል ቋንቋ ጉንዳኖች «ሙርየን» ናቸው፤ በድምፅ እንኳ አይቀራረቡም። ስህተቱ እንዴት እንደተወለደ መገመት አያስቸግርም። የአካባቢው እንግሊዝኛ ከኬልቱ ቋንቋ በእርግጥ የወረሳቸው ቃላት አሉት፤ የማዕድን ጉድጓዶች ስም ላይ የሚታየው «ዊል» (የማዕድን ማውጫ) አንዱ ነው። ስለዚህ እንግዳ የመሰለ ቃል ሁሉ ለኬልቱ ቋንቋ ይሰጣል።

ለጎብኚ መጠሪያነት የዋለው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጎረቤቷ ዴቨን እንኳ አልተበደረችውም፤ «ግሮክል» የሚል የራሷ ሽሙጥ አላት።