85 በመቶ

የጥንታዊው የሙዚቃ አዳራሽ እድሳት 85 በመቶ ደርሷል። ባለፈው መግለጫም 85 ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረውም እንዲሁ። በመሃል ሠራተኛ ገብቶ ወጥቷል፣ አሸዋ ተራግፏል፣ ሪባን የሚቆርጡት ኃላፊ እንኳ ተቀይረዋል፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። የምኑ 85 በመቶ ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም።

የክፍያው ነው። ተቋራጩ የክፍያ ሰርተፍኬት ያቀርባል፣ አማካሪው ይፈርማል፣ የተከፈለው ለውሉ ዋጋ ተካፍሎ በመቶኛ ይነገራል። የሠራተኛ መወጣጫ (ስካፎልዲንግ) መትከል፣ ፍርስራሽ ማውጣትና ጣሪያ መቀየር ቶሎ የሚያልቁ ውድ ሥራዎች ስለሆኑ ቁጥሩን ሽቅብ ያስወነጭፉታል። ከዚያ ልስኑ ይፈነቀልና ጉዱ ይወጣል፦ የበሰበሰ አግዳሚ እንጨት፣ ለጤና ጠንቅ የሆነው አስቤስቶስ የተጠቀለለበት ቧንቧ፣ ሽፋኑ ያለቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ውሉ ያብጣል፤ መቶኛውም ባለህበት እርገጥ ይላል። የእንግሊዟ ብሪስቶል አሮጌ አዳራሽ መጀመሪያ 48 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተይዞለት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲከፈት ሂሳቡ 132 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። ሲቆፈር የጥንት የውኃ ጉድጓዶች፣ ሲነካካ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ዓምዶች ተገኙ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያለ ሰው ተቋራጭ ያውቅ ነበር መሰለኝ። ለምረቃው ቀን ሲባል ሲሚንቶው ሳይደርቅ የእንጨት ወለል ይነጠፍበታል። 50 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ፣ አየሩ ከተባበረ፣ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ይደርቃል፤ 50 ቀን ማለት ነው። ትዕግሥት ያጣው አለቃ ማሞቂያ ያስገባል። ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ታቹ እርጥብ ይቀራል፤ እርጥበቱም በተነጠፈው እንጨት በኩል መውጫ ይፈልጋል። ወለሉ ተነፍቶ ሲነሳ ጥፋቱ የእንጨቱ ይባላል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ምንጣፉ ነው። ምንጣፍ ካልተነጠፈበት አዳራሹ የታደሰ የማይመስለው ሰው የማይጠፋበት ኮሚቴ የለም፤ ፈራሚውም ሁልጊዜ እሱ ነው። ምንጣፍ ድምፅ ይመጣል፤ ምን ያህል እንደሚጎዳም ይሰላል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1900 ለተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ከተጠቀመበት ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። የአዳራሹን ይዘት በሜትር ኩብ ወስዶ በ0.161 ማባዛት፣ ውጤቱን ለአዳራሹ ድምፅ የመምጠጥ አቅም (ድምፅን ሙሉ በሙሉ ከሚውጥ ስንት ካሬ ሜትር ገጽ ጋር እንደሚስተካከል) ማካፈል፣ በቃ፤ ድምፁ በስንት ሰከንድ እንደሚከስም ይወጣል። 18,000 ሜትር ኩብ ይዞ ድምፅ 2 ሰከንድ የሚቆይበት አዳራሽ የመምጠጥ አቅሙ 1,450 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የሚያርፍበትን ድምፅ 40 በመቶ የሚውጥ ወፍራም ምንጣፍ 500 ካሬ ሜትር ላይ ሲነጠፍ 200 ይጨመርና 2 ሰከንዱ ወደ 1.76 ይወርዳል። ሩብ ሰከንድ ምን አላት ይላል ፈራሚው። ጆሮ ላለው ቫዮሊኑ ደርቋል። ቀጥሎ «ድምፁ አይሰማም» ተብሎ ማጉያ ይገዛል። ለማጉያ ከሆነማ መጋዘን ምን አነሰው?

ወንበሩንም የሚመርጡት በቀለሙ ነው። ባዶውም ሰው የተቀመጠበትም ተቀራራቢ ድምፅ ካልመጠጠ፣ ከሰዓት ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተለማመደው ኦርኬስትራ ማታ የማያውቀው ቤት ገብቶ ይጫወታል።

የኒው ዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ታድሶ ተከፈተ፤ ድምፁ ተበላሽቷል የሚል ቅሬታም ለዓመታት ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ1995 የመድረኩ ወለል ሲነሳ ከሥሩ ኮንክሪት ተገኝቶ ተጠርጎ ወጣ። በእኛ የመቶኛ ሂሳብ ኮንክሪቱ መፍሰሱም እድገት ነው፣ መውጣቱም እድገት ነው።

ስለ 85ቱ ነበር የጀመርነው። ከቀረው 15 ውስጥ የአየር ማናፈሻውን ጩኸት ዝም ማሰኘት አለ፣ የመድረኩ ወለል አለ። ወንበሩ ገብቶ፣ ማናፈሻው እየሠራ የሚካሄደው የድምፅ ልኬትም በሥራ ዝርዝሩ ላይ ከታች አንዲት መስመር ሆና ተጽፋለች፤ ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ተሠራች ቀረች መቶኛውን አታነቃንቅም። የምረቃው ቀን ተቆርጧል። ምንጣፉም ተጭኖ መንገድ ላይ ነው፣ ቀይ።