ቀድሞ የጨረሰ ይጨመርለታል

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራ ቶሎ መጨረስ ጥፋት ነው። ማንም አይነግርህም፤ ደርሶብህ ነው የምታውቀው። ደሴ ውስጥ መዝገብ ቤት የሚሠራ እጁ ፈጣን የሆነ ወዳጅ አለኝ። መጀመሪያ ሰሞን የቀኑን ፋይል ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጨርሶ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አለቃው አይተው በጣም ተደሰቱ። ከደስታቸው ብዛት ከጎኑ የሚሠራውን ሰውዬ ፋይል አምጥተው ጫኑበት። ሰውዬው የዚያን ዕለት በጊዜ ቤቱ ገባ።

አሁን ወዳጄ ነቅቷል። ዛሬም አራት ሰዓት ላይ ይጨርሳል፤ ግን ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ውልቅ ይላል። ባለጉዳይ ሲመጣ "ኮቱ እኮ አለ፣ እዚሁ አካባቢ ነው" ይባላል። ችግሩ የደሴ ብርድ ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ያለ ኮት ፒያሳ ድረስ አያስኬድም። ስለዚህ ሁለት ኮት ገዛ። አንዱ የሱ ነው፣ አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ይኼ ሁለተኛው ኮት አርፍዶ አያውቅም፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ አለቃ አያማም። እኔ ብሆን እድገት እሰጠዋለሁ።

ፓርኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1955 ይህንኑ ጽፏል። ሥራ የተሰጠውን ጊዜ ያህል ይለጠጣል ነው የሚለው። ምሳሌው ሌላ ሥራ የሌላቸው አሮጊት ናቸው። አንዲት ፖስት ካርድ ለመላክ ቀኑን ሙሉ ይፈጃሉ፤ መነጽር ሲፈልጉ፣ አድራሻ ሲፈልጉ፣ ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ ሲሉ ይመሻል። ሰውዬው እኛ ዘንድ ኖሮ ቢሆን ለአሮጊቷ ማህተም ይጨምርላቸው ነበር። ማህተሙ ደግሞ ስብሰባ በገቡት ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት።

ታዲያ ሰዉ ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚል ካለ ሰኞ ባቲ ገበያ ይውረድ። አፋሩ ግመሉን፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይመጣል። በአማርኛ ይጠራል፣ በኦሮምኛ ይማላል፣ በአፋርኛ ይኮረፋል፤ ከዚያ ይታረቃል፣ ይሸጣል። ሁሉም በዚያችው ቀን። "ነገ ተመለስ" አይሠራም፤ ነገ ማክሰኞ ነው። ቀድሞ የሸጠ ሰው ላይ ደግሞ የጎረቤቱን ፍየል አምጥቶ የሚጭንበት አለቃ የለም። የተረፈው ጊዜ የራሱ ነው። ሻይ ይጠጣበታል፣ ወይ በጊዜ ወደ ቤቱ ያዘግምበታል። ሰው ለራሱ ሲሆን እንዴት እንደሚፈጥን!

አሜሪካዊው ፍራንክ ጊልብረዝም ሥራ ማፋጠንን በግንበኞች ላይ ሞክሯል። አንድ ጡብ ለመደርደር 18 ጊዜ ሲንቀሳቀሱ አይቶ ወደ 5 አወረደላቸው። ዋናው ዘዴ ጡቡን ከመሬት አንስቶ እጃቸው የሚደርስበት ከፍታ ላይ ማስቀመጥ ነው። መጎንበስ ቀረ። በሰዓት 120 ጡብ የሚደረድረው ሰው 350 ደረሰ። ግሩም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ግንበኛው 120ውን በሃያ ደቂቃ ሲጨርስ "በል ሂድና ተኛ" ተባለ ወይ የሚለው ነው።

እኛም ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ መጥቶልን ነበር። ዕቃ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይያዝ ተባለ፤ ስም ተለጠፈ። አንድ ቢሮ ውስጥ "የስቴፕለር ቦታ" የሚል ጽሑፍ አይቻለሁ። ቦታው አለ። ስቴፕለሩን ብትጠይቅ "ከሦስተኛ ፎቅ አስመጣ" ትባላለህ።

ብዙ ሥራ በጥቂት ድካም ማየት የፈለገ የወሎ ቡና ላይ ይቀመጥ። በአቦል የታመመ ይጠየቃል፣ በቶና የእቁብ ብር ይሰበሰባል፣ በረካ ላይ የተጣላ ጎረቤት ይታረቃል። ዱአ ተደርጎ ይነሳል። ቃለ ጉባኤ የለ፣ አጀንዳ የለ። አበል የለም፤ አቦል ነው ያለው።

ጥቂት ድካም ያልኩት ግን ለኛ ለጠጪዎቹ ነው። ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ ሲኒ አለቅልቃ፣ ቂጣ ጋግራ የምታቀርበዋን ሴት ወገቧን የጠየቃት የለም። እሷም ቀድማ ብትጨርስ የሚጨመርላት እንግዳ ነው። ጊልብረዝ እሷ ጋ አልደረሰም።

በቀደም ከአዲስ አበባ የመጣ የጎረቤታችን የልጅ ልጅ ቡና ላይ ስልኩን አውጥቶ ያስረዳን ጀመር። ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ ሳለ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ቲማቲም በሚመስል የማድ ቤት ሰዓት የጀመረው ዘዴ ነው አለን። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ሰውነት ሳይደክም ብዙ ይሠራል። ወንዶቹ በአድናቆት ራሳችንን ነቀነቅን። አያቱ ረከቦቱን እያስተካከሉ በጥሞና ሰሙት።

"ሲሞላ ይጮሃል ነው ያልከኝ?"

"አዎ እማማ፣ በራሱ ይጮሃል።"

"አብሽር የኔ ልጅ። እስኪጮህ ድረስ ያንን ሽንኩርት ላጥልኝ።"